የኔታና መጉመጥመጫው፦ ጀርሙን ገድለን ገድለን ጠረኑ ለምን ባሰ?

ጎንደር ውስጥ በጥርስ ሕክምና ነው የምሠራው። በመጥፎ የአፍ ጠረን ምክንያት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። "ድዴን ትንሽ ያመኛል" ብሎ ይገባና ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ ዋናውን ነገር ያወጣዋል።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩት ከባድ ሕመም ስለሆነ አይደለም። ሰውየው ለአፋቸው ንጽሕና ከብዙዎቻችን በላይ ደክመዋል፣ ቤተሰቡም ገንዘብ አውጥቷል፤ ነገር ግን የተደረገው ሁሉ ጀርም መግደል ብቻ ነበር። ጠረኑም በዚያው ልክ እየባሰ ሄደ። የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ስማቸውን፣ ደብራቸውንና ሰፈራቸውን ትቼ፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው የኔታ እላቸዋለሁ።

ሰውየው

የኔታ በ50ዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። አቋቋም ያስተምራሉ። ጎንደር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ቀን ከተማሪ ጋር ሲያዜሙ መዋል፣ በበዓል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት መቆም። በጾም ቀልድ አያውቁም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም።

የደም ግፊት አለባቸው፤ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይወስዳሉ። ይህ ዓይነቱ ኪኒን አፍ ሊያደርቅ ይችላል። እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ስለ ጠረኑ ያማከሯቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ኪኒኑ አልጠየቋቸውም፣ እሳቸውም ከአፋቸው ጋር ይገናኛል ብለው አላሰቡም።

ሲጋራ የለም፣ ጫት የለም። ሻይ ግን ይወዳሉ፣ ያውም ስኳሩ ጠንከር ያለ። ማታ ተማሪዎቹ ሲቀጽሉ እያዳመጡ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ ሰዓታት ይቆያሉ። ይህን የነገሩን ባለቤታቸው ናቸው፤ የኔታ ራሳቸው "አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው" ብለው ነበር። እውነትም አንድ ብርጭቆ ነው፣ ግን የማያልቅ ብርጭቆ።

ችግሩና የተሞከረው

ጠረኑን መጀመሪያ የተናገሩት ባለቤታቸው ናቸው። ቀጥሎ እሳቸውም አስተዋሉት፤ ማኅሌት ላይ ከጎናቸው የቆመ ሰው ፊቱን ዘወር ማድረግ ሲጀምር። ከዚያ በኋላ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ከለል አድርገው ማስተማር ልማድ ሆነባቸው። ለአንድ የዜማ መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ሎሚና ጨው ነበር። ጥርሱን በዚያ ፈገፈጉት፤ የሎሚው አሲድ የጥርሱን ቆዳ ስለሚያሳሳው ቅዝቃዜ ሲነካቸው ይጠዘጥዛቸው ጀመር። ከዚያ ቅርንፉድ ማኘክ መጣ፣ እሱም ለጥቂት ሰዓት ይሸፍንና ይለቃል። ቀጥሎ ፋርማሲ ገብተው ያለ ሐኪም ወረቀት አንቲባዮቲክ፣ አንዴ አሞክሳሲሊን፣ ሌላ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል እየገዙ ወሰዱ። በወሰዱ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ይሻላል፣ ከዚያ ይመለሳል። መሻሉ ነው ያታለላቸው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው የአፍ መጉመጥመጫ ላከች። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ነው፣ 0.2 በመቶ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኛም ጥርስ ከነቀልን ወይም ድድ ከከፈትን በኋላ እናዝዘዋለን። ግን በተለምዶ የሚታዘዘው ለ2 ሳምንት ገደማ ነው። የኔታ ጠዋትና ማታ እየተጉመጠመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። አንዱ ሲያልቅ ልጃቸው ሌላ ትልካለች፣ እሳቸውም የልጃቸው ስጦታ ስለሆነ አንድ ቀን አላጓደሉም።

እኛ ጋ ሲመጡ ጥርሳቸው ቡና የተደፋበት መስሏል። ይህ የክሎርሄክሲዲን የታወቀ ምልክት ነው። ምላሳቸው ከኋላ በኩል ወፍራም ቢጫማ ሽፋን ነበረው። ጉንጫቸው ውስጥ ሲፋቅ የሚነሳ ነጭ ነገር አየን፣ ፈንገስ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች በጀርባቸው በደደረ ቆሻሻ ተያይዘዋል፣ ድዳቸው በመሣሪያ ነካ ሲደረግ ይደማል፣ ከኋላ አንድ መንጋጋ ጥርስ እስከ ሥሩ በስብሷል። የምግብ ጣዕምም ጠፍቶባቸዋል። "ሽሮውም ወጡም አንድ ሆነብኝ" አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ምርመራ ነገሩን፦ "ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፤ በርታ ያለ የለም ወይ?"

ምን እየሆነ ነበር

የሰው አፍ ውስጥ 700 ያህል የባክቴሪያ ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል፤ አንድ ሰው ግን ሁሉንም አይሸከምም። አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ ከፊሎቹማ ጠባቂዎቻችን ናቸው። ይህን ስነግራቸው የኔታ ሳቁ። "ታዲያ ባክቴሪያ እንዳረባ ነው የምትለኝ ልጄ?" አሉኝ። በአንድ በኩል አዎ፣ እሱኑ ነው የምለው።

ጥርስ ተቦርሾ ብዙም ሳይቆይ ቀድመው ከሚሰፍሩበት መካከል ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስ የሚባለው ባክቴሪያ አለ። ቦታውን መያዙ ብቻ ጥቅም ነው፤ ሌላው እንደልቡ አይለጠፍም። በዚያ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፣ ይህ ደግሞ ጥርስ የሚቦረቡረውን ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስን ያዳክማል። ሙታንስ ስኳር ሲያገኝ አሲድ ይሠራል፤ ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ቆዳ መሟሟት ይጀምራል። ሳንጉዊኒስና መሰሎቹ ምራቅ ውስጥ ካለው አርጂኒን ከሚባል ንጥረ ነገር አሞኒያ እየሠሩ ያንን አሲድ ያለዝቡታል። ምላስ ላይ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ አለ። ከዚህ ዝርያ አንዳንዶቹ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገቱ ፕሮቲኖች ያመርታሉ። ኒው ዚላንድ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ጆን ታግ የሚባሉ ተመራማሪ ብዙ የደከሙበት ኬ12 የሚባለው ዓይነት ዛሬ በሚመጠጥ ኪኒን መልክ ይሸጣል።

ጠረኑን የሚያመጡት ሌሎች ናቸው። አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች በድድና በጥርስ መሃል በተከፈተ ኪስ ውስጥና በምላስ ጀርባ ተሸሽገው የምግብ ፍርፋሪ፣ የሞተ ሕዋስና የደም ፕሮቲን ይበላሉ። ሲበሉ የሰልፈር ጋዞች ይለቃሉ፤ አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው።

የየኔታ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጉመጥመጫው ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ግን ደግሞ ሁሉም ጋ አይደርስም። ላይ ላዩን ያሉትን ያጠፋል፤ የደደረው ቆሻሻ ሥርና ድድ ኪስ ውስጥ የተሸሸጉት ግን እምብዛም አይነኩም። ስለዚህ በየቀኑ ጠባቂዎቹ ይታጨዳሉ፣ ችግር ፈጣሪዎቹ ከነጓዳቸው ይቀመጣሉ። በላዩ የተደጋገመው አንቲባዮቲክ ለፈንገሱ ሜዳውን አጸዳለት። ለባለቤታቸው በእርሾ አስረዳኋቸው፦ ቡሃቃውን በየጊዜው በፈላ ውሃ እያጠቡ እርሾውን ከጨረሱት በኋላ ሊጡ ለምን አልቦካም ማለት አይቻልም። ወዲያው ገባቸው፤ የኔታ ግን ያን ቀን አላመኑም።

ምራቁም አለ። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫል፤ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች የሚመግባቸው፣ አሲዱን የሚያጥበው እሱ ነው። ሲተኙ በጣም ይቀንሳል። የየኔታን ቀን አስቡት፦ አፍ የሚያደርቅ ኪኒን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ፣ አፍ ከፍቶ ለረጅም ሰዓት ማዜም። ከዚያ ማታ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ። ለአየር ጠሉና ለአሲድ ወዳዱ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ገብቶ ከፊሉ በምራቅ በኩል ወደ አፍ ይመለሳል። የምላስ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ሰውነት ደግሞ ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል፤ ይህ የደም ሥርን ያላላል። እኛ ራሳችን ይህን የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራ በቂ ነገር የለንም፣ ባክቴሪያዎቹ ናቸው የሚሠሩልን። ክሎርሄክሲዲን እነዚህን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ የደም ግፊት ትንሽ ከፍ ሲል የታየባቸው ጥናቶች አሉ። የኔታ የግፊት በሽተኛ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ ጿሚ፣ ገበታቸው ላይ ጎመን የማይጠፋ ሰው ናቸው፤ ከጎመኑ የሚገኘውን ጥቅም መጉመጥመጫው ሳይበላባቸው አልቀረም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጉመጥመጫውን አስቆምን። በራስ ፈቃድ አንቲባዮቲክ መግዛትም ቀረ። ለፈንገሱ ኒስታቲን ሰጠን፤ ፈንገስና የድድ ሕመም አብረው ሲታዩ ስኳር በሽታ ሊኖር ስለሚችል የደም ስኳራቸውን አስመረመርን፣ ደህና ነበር።

ከዚያ ጥርስ ማጠብ። የኔታ እዚህ ላይ ተሟገቱ። "ጥርስ ሲያሳጥቡት ይነቃነቃል" የሚለው ወሬ ከተማውን ሞልቶታል፤ እሳቸው ዘንድም ደርሷል። እውነቱ ጥርሱን ያነቃነቀው ከሥሩ ያለው የድድ ሕመም መሆኑ ነው። የደደረው ቆሻሻ ጥርሶቹን አያይዞ ስለሚያቆማቸው ሲነሳ ቀድሞ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል። በመስታወት የራሳቸውን አሳየናቸው። በተለያየ ቀጠሮ ከድዱ በታች ጭምር አጸዳን፣ የበሰበሰውን መንጋጋም ነቀልን።

ብሩሹ ላይ ጾም መጣ። ለቁርባን በሚዘጋጁበት ቀን ጠዋት አፋቸውን አይታጠቡም። እዚያ ውስጥ አልገባሁም፣ የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው። እኔ የጠየቅኳቸው የማታውን ነው፤ ምራቅ የሚቀንሰው ሌሊት ስለሆነ ከመተኛት በፊት ያለው ብሩሽ ከጠዋቱ ይበልጣል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሾ መትፋት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አለመለቅለቅ። ምላስን ከኋላ ወደ ፊት በማንኪያ ጠርዝ ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ እስኪደማ ሳይሆን ሽፋኑ እስኪነሳ። ማኅሌት በሚቆሙበት ሌሊት ደግሞ ከቤት ሳይወጡ በፊት።

ለምራቁ ስኳር የሌለው ማስቲካ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። የኔታ ዓይን ዓይኔን አዩኝና "እኔ? ማስቲካ? ተማሪዬ ፊት?" አሉ። ትክክል ናቸው፣ አይሆንም። መፋቂያ ግን ይሆናል፤ የወይራ መፋቂያ ማኘኩ ራሱ ምራቅ ይጠራል፣ ማንም አይታዘባቸውም። ከጾም ሰዓት በኋላ ውሃ እየደጋገሙ መጠጣትም ተጨመረ። ሻዩን አልከለከልንም፣ ከራት ጋር ጠጥተው እንዲጨርሱት ብቻ ነው የጠየቅነው፤ ጥርሱን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፣ በአሲድ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት ጭምር ነው። ስለ ግፊት ኪኒኑ ለሐኪማቸው ጻፍን። ሐኪሙ ኪኒኑ ይቀጥል አለ፣ እኛም አልነካነውም።

ያልሠራው

መጉመጥመጫውን ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠረኑ ጎላ። ይህን አስቀድመን ነግረናቸው ነበር፤ የመጉመጥመጫው ሽታ ሲነሳ ከሥር ያለው መታየቱ አይቀርም። ያም ሆኖ ባለቤታቸው ደውለው "ኧረ ይኼ ነገር ባሰበት" አሉ። "እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ልጃቸው ነገሩን ስትሰማ ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት የሚመጠጥ ኪኒን አስመጣች። የጀመሩት ገና ድዱ ሳይጸዳ ነበር፣ ምንም ለውጥ አላየንም። ጥርሱ ከታጠበና ምላሱ ከተያዘ በኋላ ሲደግሙት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ጠረን ቀለል አለ። ግን ማሸጊያው ላይ የወተት ተዋጽኦ እንዳለበት ተጽፎ ስለነበር ጾም ሲገባ አቆሙት፣ ቀስ በቀስም የተጨመረው ጥቅም ጠፋ። ከውጭ የገባ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ እየተመላለሰ ካልተጨመረ በአፍ ውስጥ አይዘልቅም። ይጠቅማል? ለአንዳንዱ ሰው አዎ። ግን ዋጋውን ሳየው፣ ለአብዛኛው በራችንን ለሚያንኳኳ ሰው መጀመሪያ የምመክረው አይደለም።

እርጎውም እንዲሁ። ባለቤታቸው ስለ ጥሩ ባክቴሪያ ሲሰሙ በፍስክ ቀን እርጎ ከማር ጋር ያቀርቡ ጀመር። እርጎ መልካም ምግብ ነው፣ በውስጡም ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉት። እነዚህ ግን የጥርስ ነዋሪዎች አይደሉም፤ የእነሱ ዘመዶች እንዲያውም በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ በብዛት የሚገኙ አሲድ ሠሪዎች ናቸው። ያለ ማሩ ይብሉት አልን፤ እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም።

የሠራው

ጠረኑን የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ሁለት ነገር ተጠቀምን፦ ምላስ የተፋቀበትን ማንኪያ ትንሽ አቆይቶ ማሽተትና የባለቤታቸው ፍርድ። ሁለተኛው ምሕረት የለሽ ነበር፣ ስለዚህ አምነዋለሁ።

ፈንገሱ ቀድሞ ለቀቀ። ጣዕም ተመለሰ፤ የኔታ ይህን የነገሩን ሽሮው ጨው በዛበት ብለው ቤት ውስጥ ከተቆጡ በኋላ ነው። የድዱ መድማት ቀስ እያለ ቀነሰ። ጠረኑ በወራት ውስጥ ረገበ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ ዛሬም ትንሽ አለ፣ ማንም የጾመ ሰው አፍ ላይ የሚኖረው ዓይነት። ጋቢውን ከአፋቸው አውርደዋል።

ግፊታቸውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሻል ያለ ቁጥር አሳይቷል። ልጃቸው "መጉመጥመጫው ነበራ!" ብላ ደመደመች። እኔ አልደመድምም። በዚያው ሰሞን ኪኒኑን በሰዓቱ መውሰድ ጀምረዋል፣ ቀጠሮም ማክበር ጀምረዋል። የትኛው እንደሠራ መለየት አይቻልም።

አንድ ነገር አሁንም አልተፈታም። ከታች በቀኝ በኩል ባለ አንድ መንጋጋ ጥርስ ዙሪያ ያለው ኪስ ጥልቅ ነው፣ አንዳንዴ ይደማል። እዚያ ብሩሽ አይደርስም፣ ጥሩ ባክቴሪያም አይረዳም። በየጥቂት ወሩ እየመጡ ማጽዳት ነው፣ ካልሆነ መንቀል።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ በጠረን ምክንያት ለሚመጣ ሰው የጥያቄዬን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ። በፊት "በቀን ስንት ጊዜ ይቦርሻሉ?" እል ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ዓይነት መጉመጥመጫ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ኪኒን፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ ወይ የሚለውን ነው። አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ ቀሳውስት፣ ቀን ሲያወሩ የሚውሉ ሁሉ የአፍ መድረቅ ጣጣቸው ተመሳሳይ ነው።

አንቲባዮቲክ ወስዶ ጠረን ለጥቂት ቀን ከጠፋና ከተመለሰ፣ ያ ተጨማሪ ኪኒን ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የተጠለሉበት ቤት አልፈረሰም ማለት ነው፤ ቤቱ ደግሞ የደደረው ቆሻሻ፣ የድድ ኪሱ፣ የበሰበሰው ጥርስ ወይም የምላስ ጀርባ ነው። እሱ ሳይነሳ ጥሩ ባክቴሪያ በኪኒን ማስገባትም ከንቱ ወጪ ነው። በየኔታ አፍ ያየነውም ይህንኑ ነው፦ ያው ኪኒን በፊት አልሠራም፣ በኋላ ግን ትንሽ ሠራ።

ይህን አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን ክሎርሄክሲዲን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። ጥርስ ከተነቀለ ወይም ድድ ከተከፈተ በኋላ፣ ብሩሽ በማይነካበት ጊዜ፣ ለተባለው ቀን ያህል ያስፈልጋል። ቀኑ ሲያልቅ ማቆም ነው። ድድ አብጦ ፊትም ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም አፍ መክፈትና መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ መፋቂያም እርጎም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።